ጥድ የዋጠው በር

ባለፈው ወር ምራቴ ለበረንዳችን መከለያ የሚሆን ነገር እንፈልግ ብላ መርካቶ ይዛኝ ሄደች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፊት ለፊቱ ሕንፃ ከመቅረቡ የተነሣ እነሱ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ሲከተፍ የኛ ዓይን ያለቅሳል። ምራቴ "ፕራይቬሲ የለንም" ትላለች። እኔ በበኩሌ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ቢሆንም ከምራት ጋር በመጋረጃ ጉዳይ መጣላት ስለማልፈልግ ተከትያት ወጣሁ።

ታክሲ ወርደን፣ ኩንታል የተሸከሙ ሰዎች "ዞር በሉ!" እያሉ ግራና ቀኝ እያባረሩን ስንዞር፣ አንድ ሱቅ በር ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የቆመ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቀረብ ብዬ ብነካው ፕላስቲክ ነው። ቅጠሉ ግን ቁርጥ የጥድ ቅጠል።

"እትዬ፣ እሱ አጥር ነው" አለኝ ሻጩ። "በሜትር ነው የምንሸጠው። ውሃ አይፈልግ፣ አይደርቅ፣ መቆረጥ የለ። አንዴ ከተሰቀለ ተሰቀለ ነው።"

"አያድግም?" አልኩት።

"እንዴት ያድጋል እትዬ! ፕላስቲክ እኮ ነው።"

ሳቄ መጣ። ልጁ በሱ የሳቅሁ መስሎት ቅር አለው፤ ምራቴም ክንዴን ጎሰም አደረገችኝ። እኔ የሳቅሁት ግን ከዚያ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ፣ በወጣትነቴ፣ ከልክ በላይ ያደገ የጥድ አጥር ሽማግሌዎቼን ለጎረቤት አሳልፎ ሰጥቶብኝ ስለነበረ ነው።

መርካቶ ውስጥ ጥድ ነበረን ስል የሚያምነኝ የለም። ልጆቼም እያረጀሁ የምፈጥረው ወሬ ይመስላቸዋል። ግን ነበረ። ከጭድ ተራ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከሱቆቹ ጀርባ፣ የተጫነች አህያ መዞር በማትችልበት ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነበር። ግቢው የሁለት ቤት ነው። በቆርቆሮው በር ሲገባ መጀመሪያ በግራ በኩል የኛ ቤት ይገኛል፤ የግቢው መንገድ ሲያልቅ ደግሞ የጋሽ ደምሴ ቤት። አባቴ አቶ በላቸው ቁልፍ ሻጭ ነበር። ጓጉንቸር ቁልፍ፣ መቀርቀሪያ፣ ማጠፊያ፣ በር ለመዝጋትም ለመክፈትም የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ ሱቁ ውስጥ ነበረው። ጋሽ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ግቢያችን ውስጥ ይሰማ ነበር። ሁለቱ እስከዚያች ዓርብ ድረስ ጥሩ ጎረቤታሞች ነበሩ።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። አባቴ እነዚያን ሃምሳ ቀናት በጣም ይወዳቸው ስለነበር ሲያልቁበት ማመን ይከብደው ነበር። የዚያን ዓመት ሃምሳው ባለቀ በመጀመሪያው ዓርብ እናቴን "ዛሬ ሽሮውን በቅቤ አድርጊልኝ" አላት።

"ሃምሳው እኮ አልቋል" አለችው።

"ገና ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

እናቴ ከአባቴ ጋር ተከራክራ አሸንፋ አታውቅም። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበትን ቅቤ ሽሮው ላይ ጨመረች፤ ሽታውም መንገዱን ይዞ ወጣ።

እሑድ ዕድር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋሽ ደምሴ "ዓርብ ዕለት ከእነ በላቸው ጓዳ ቅቤ ሸተተኝ፤ ወይስ አፍንጫዬን አሞት ነው?" ብለው ቀለዱ። ክፋት አልነበራቸውም። ሰዉ ሲስቅ አባቴ ብድግ ብሎ "የኑግ ዘይት ነው!" አለ። በዚያ ዕድር ውስጥ ንጥር ቅቤና የኑግ ዘይት የማይለይ ሰው ስላልነበረ ሳቁ ባሰ። አባቴ ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሲያይ መሳሳቱን አወቀ። ግን አንዴ ኑግ ብሏል፤ ኑግ ካለ ኑግ ነው።

በሳምንቱ በአህያ የተጫነ የጥድ ችግኝ ይዞ መጣ። የፈረንጅ ጥድ የሚሉትን።

"ሰው እጓዳዬ ውስጥ አፍንጫውን እንዳያስገባ ነው" አለ።

"ጥድ ሽታ ይከለክላል እንዴ?" አለችው እናቴ።

"ጥድ ራሱ ይሸታል። ኑጉን ይሸፍነዋል።"

ችግኞቹን ትከሻ ለትከሻ አጠጋግቶ በመንገዱ ዳር ተከላቸው፤ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ብቻ ለበር ተወ። በመጀመሪያው ዓመት ለገና የሰፈሩ ልጆች ጫፍ ጫፉን እየቀነጠቡ ወሰዱበትና ዱላ ይዞ ሲጠብቅ ከረመ። ከዚያ በኋላ ግን ጥዱ ሥር ያዘ። አባቴ በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ይከረክማል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ በመንገዱ በኩል የተንጨባረረውን እያዩ "የሰው ጠጉር አልላጭም" ይላሉ። እናቴ ጥዱ ላይ ያሰጣችው ነጠላ ሁሉ ቅጠል እየተሰካበት ሲወጋት ይውላል። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገሩም። ሴቶቹ ግን በጓሮ በኩል እሳትም ወሬም እንደወትሮው ይዋዋሱ ነበር፤ እኔና የጋሽ ደምሴ ልጅ ሙሉም ከእህት በላይ ነበርን።

ጥዱ ሁለት ዓመት እንደሞላው አባቴ ትልቅ መከርከሚያ መቀስ ፈለገና ምን አለሽ ተራ ሄዶ አዘዘ። መቀሱን ከአሮጌ መኪና የባሌስትራ ብረት ሠርቶ ያመጣው ቀጭን ረዥም ወጣት ነበር። ታደሰ ይባላል። ከበርሜልና ከጣሳ ማንደጃ የሚሠራ፣ እጁ ከክርኑ በታች ጥቁር የሆነ ልጅ። መቀሱን ሊያሳየን አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠና ቅርንጫፉ አንገቱ ውስጥ ወደቀ። ጥዱን ከሸሚዙ ውስጥ ለማውጣት ሲወራጭ እኔ ሳቅሁ፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ነገር አያስፈልገኝም ነበር።

አባቴ ግን ሴት ልጁን ለብረት ሠሪ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። በእውነት ለመናገር ያሳፍረኛል። ቀኑን ሙሉ ሰው የቀጠቀጠውን ብረት እየሸጠ የሚኖር ሰው ነበር፤ "ቀጥቃጭ" የሚለውን ቃል ሲናገር ግን አፉን እንደመረረው ያደርግ ነበር። ስለዚህ እኔና ታደሰ የምንገናኘው በጥዱ በኩል ሆነ። እሱ አሮጌ ቆርቆሮ የሚለቅም መስሎ ጆንያውን ይዞ በመንገዱ በኩል ይቆማል፤ እኔ ከውስጥ ልብስ የማሰጣ መስዬ እቆማለሁ። ፊቱን በደንብ የማየው ነፋስ ሲኖር ብቻ ነበር። ቢሆንም በቅጠል መሃል የሰማሁትን ያህል ጣፋጭ ወሬ ከዚያ ወዲህ በሶፋ ላይ ተቀምጬም አልሰማሁም።

ይህ እንዲቀጥል ጥዱ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ መሆን ነበረበት። እኔ በበጋ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ በሙሉ ሥሩ እያፈሰስኩ አሳደግሁት። ታደሰም የድርሻውን አደረገ። አባቴ መቀሱን እንዲስልለት በላከለት ቁጥር ይስለውና መልሶ በድንጋይ ያደነዝዘዋል።

"ይህ ብረት ምን ነክቶት ነው?" ይለዋል አባቴ።

"ጥድ ሙጫ አለው ጋሼ። ሙጫው ስለት ይበላል።"

አባቴም ሁለት ቅርንጫፍ አኝኮ እምቢ ሲለው መቀሱን ወርውሮ ይገባል። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ አፌን በነጠላዬ እይዝ ነበር።

እንዲህ ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ ታደሰ ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። ከራሱ ሰፈር የተከበሩ፣ በአንደበታቸው የታወቁ ጋሼ ወልደየስ የሚባሉ አዛውንትን ለመነ። እሳቸው ተናግረው ያልተፈቀደ ጋብቻ የለም ይባል ነበር። የኔም ተስፋ ያ ብቻ ነበር፤ አባቴ በጋሼ ወልደየስ አንደበት ካልተረታ በሌላ በምንም አይረታም። ሽማግሌዎቹ ቤቱን ስለማያውቁት ታደሰ "በቆርቆሮው በር ገብታችሁ፣ ጥዱን ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታገኙት በር" ብሎ ነገራቸው። አነጋገሩ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የዝናቡና የኛ ነው። የዚያ ክረምት ዝናብ ጨርሶ አልጠግብም ያለ ነበር። የቆርቆሮው በር ፊት ጭቃ ስለሆነ እኛ ከሰኔ ጀምሮ በኩሽናችን በኩል ባለችው ትንሽ በር ወደ ሌላው መንገድ እንወጣ ነበር። በጥዱ መካከል የተተወውን ክፍት ቦታ ሦስት ወር ሙሉ ሰው አላለፈበትም። ጥዱም ያንን አይቶ፣ በኔ ውሃና በታደሰ ደነዝ መቀስ እየተበረታታ፣ በሩን ከግራና ከቀኝ ገጥሞ ዋጠው። ከመንገዱ በኩል ለሚያይ ሰው በላቸው የሚባል ሰው ከነቤተሰቡ እዚያ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

ቀኑ መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ነበር። ከቤታችን ሚስጥሩን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ ምናልባት ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡ ብላ ዶሮ ሠርታለች። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ጠጉሬን ተሠርቼ፣ ከቤት ጓሮ ከጓሮ ቤት እመላለሳለሁ። አባቴ ምሳውን እየጠበቀ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም የቆርቆሮው በር ሲንሿሿ ሰማሁ። የሦስት ሰው ኮቴና የአንድ ከዘራ ድምፅ በጥዱ ዳር ዳር መጣ። ኮቴው በራችን ፊት ደረሰ። ከዚያ በራችንን አለፈ።

"ቤቶች!" የሚል ግርማ ያለው ድምፅ ከጋሽ ደምሴ ደጅ ተሰማኝ።

"ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንቀመጥም። የመጣንበትን ሳይሰሙ አንቀመጥም።"

በጥዱ ላይ ተለጠፍኩ። ጋሼ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጅ አለን፤ ሠርቶ አዳሪ፣ ጠባዩ የተመሰገነ። እርስዎም ልጅ አለዎት። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ እኛንም ዘመድ እንዲያደርጉን ለምነን መጥተናል" አሉ። የልጅቷን ስም አልጠሩም። ጋሼ ወልደየስ በመጀመሪያ ቀን የሴት ልጅ ስም መጥራትን እንደ ነውር የሚቆጥሩ የድሮ ሰው ነበሩ። ጋሽ ደምሴም አንድ ልጅ ብቻ ስላላቸው የትኛዋን ብለው የሚጠይቁበት ምክንያት አልነበራቸውም።

"ልጁ ማነው?" አሉ።

"ታደሰ ይባላል። ምን አለሽ ተራ ብረት ይሠራል።"

"አወቅሁት!" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ደስታቸው በድምፃቸው ያስታውቃል። "ሁልጊዜ እዚህ ጥድ ሥር የሚቆመው ልጅ! ምን ፈልጎ ነው ስል ነበር እኮ!"

ጩኺ ጩኺ አለኝ። ግን ምን ብዬ ልጩህ? "ተሳስታችኋል፣ የምትጠየቀው እኔ ነኝ" ብላ የምትጮኽ ልጃገረድ በዚያ ዘመን ቀርቶ ዛሬም ያለች አይመስለኝም። ዝም እንዳልል ደግሞ ሁለት ዓመት ያለምኩት ነገር ዓይኔ እያየ፣ ይቅርታ፣ ጆሮዬ እየሰማ ለጓደኛዬ እየተሰጠ ነው። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ በሩ በነበረበት ቦታ ራሴን ወደ ጥዱ ውስጥ ከተትኩ። ብወጣ ምን እንደምል እስከ ዛሬ አላውቅም። ደግነቱ አልወጣሁም። መሃል ላይ ስደርስ ጠጉሬ በአንድ በኩል፣ ቀሚሴ በሌላ በኩል ተያዘና ወደፊትም ወደኋላም አልል አልኩ።

"ጥዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"የጎረቤት ዶሮ ናት" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ጉዳያችሁን ሰምቻለሁ። ከዘመድ ልምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ከኋላዬ ደግሞ የአባቴ ድምፅ መጣ። "አስካለ! እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ዶሮ ገብታብኝ ነው አባባ።"

"ዶሮዋ ድስት ውስጥ አይደለችም እንዴ?"

እናቴ መጥታ ጎትታ አወጣችኝ። ቀሚሴ ተቀድዷል፤ ሽሩባዬ ውስጥ የነበረው የጥድ ቅጠል ለሦስት ቀን ተለቅሞ አላለቀም። አባቴ ዶሮውን ብቻውን በላና "የምን በዓል ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ በጓሮ በኩል መጣች። ዓይኗ አብጧል። "ያንቺ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ምን ያደርጋሉ?" አለችኝ። "አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ እየነገረ ነው። እኔ ትምህርቴን ልጨርስ ነው፣ ነርስ ልሆን ነው፤ የማንደጃ ሠሪ ሚስት የምሆነው ምን በወጣኝ!" የመጨረሻው ቃሏ ትንሽ ከነከነኝ፤ ግን ጊዜው የመከፋት አልነበረም። ሁለታችንም ለቅሶና ሳቅ እየተቀላቀለብን ተቃቅፈን ቆየን።

ታደሰ በበኩሉ ጋሼ ወልደየስ ዘንድ ሄዶ ቤት ተሳስተዋል ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። አዛውንቱ ተቆጡ። "አርባ ዓመት ሽማግልና ስሄድ ቤት ተሳስቼ አላውቅም" አሉት። "የተሳሳትከው አንተ ነህ። የወደድካት ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ ረጋ ብለህ አስብ።" እንዲያውም የተነገረ ቃል አይታጠፍምና ጋሽ ደምሴ እሺ ካሉ ያገባታል አሉ። ታደሰ ይህን በጥዱ በኩል ሲነግረኝ ጆንያውን እንኳ አልያዘም ነበር። ፈራሁ። በቀልድ የጀመርነው ነገር የሁለት ሴት ልጆች ዕድሜ ሊበላ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ለአባቴ ከመናገር በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

ሦስት ቀን ተለማምጄ፣ ሐሙስ ማታ፣ አባቴ አንድ ዝገት የያዘው ቁልፍ ዘይት እየቀባ ሳለ ፊቱ ቆምኩ።

"አባባ፣ ጋሽ ደምሴ ቤት ሽማግሌ መጥቶ ነበር።"

"ሰምቻለሁ። ያልሰማ አለ? ምን ይሁን?"

"የኛ ነበሩ።"

"የኛ ምን?"

"ሽማግሌዎቹ። ለኔ ነበር የመጡት። በሩን ጥዱ ስለሸፈነው አለፉት።"

ቁልፉን አስቀመጠ። ልጁ ማነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ደምሴ ምን አላቸው?" አለ።

"የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አሏቸው።"

"የኔን ሽማግሌ?" አለና ብድግ አለ። "እሱ ማን ሆኖ ነው የኔን ሽማግሌ የሚቀጥር!" ትንፋሹ እስኪመለስ ወዲያ ወዲህ ብሎ በመጨረሻ ጠየቀኝ። "ልጁስ ማነው?"

"ታደሰ ነው። መቀሱን የሠራው።"

ፊቱ ጠቆረ። ያ 'ቀጥቃጭ' የሚለው ቃል ሊወጣ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በዚያች ቅጽበት ከጥዱ ወዲያ ጋሽ ደምሴ የስፌት መኪናቸውን እየነዱ ሲያንጎራጉሩ ተሰማ። የደስተኛ ሰው እንጉርጉሮ ነበር።

"ደምሴ ልጁን ወዶታል?" አለ አባቴ፣ ጆሮውን ወደዚያ ጥሎ።

"በጣም እንጂ!" አለች እናቴ። ጋሽ ደምሴ ስለ ልጁ ምን እንዳሉ ግን የሰማችው ነገር አልነበረም። "ለሙሉ እንደዚህ ያለ አላገኝላትም ብሏል አሉ።"

"ታዲያ የኔን ሊወስድ ነዋ!" አለ አባቴ።

በማግስቱ መቀሱን ይዞ ምን አለሽ ተራ ወረደ። የዚያን ቀን ወሬ ታደሰ እስከ ዛሬ ሳይሰለቸው ይደግመዋል። አባቴ መቀሱን ፊቱ አኑሮ "ሳለው" አለው።

"እሺ ጋሼ፣ ነገ..."

"አሁን። እኔ እያየሁ።"

ታደሰ ሳለው። አባቴ የቆርቆሮ ቁራጭ አንሥቶ ሞከረው፤ መቀሱ ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ቆረጠው። አባቴ ቁራጩን ለረጅም ጊዜ አየው። "ሙጫ ነው የምትለኝ ለልጄ ብለህ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ሌላስ የዋሸኸኝ አለ?"

ታደሰ አሰበ። "ባለፈው ዓመት የገዙኝ ማንደጃ አንድ እግሩ አጭር ነው። እንዲመልሱት ብዬ ነው። ይዤው ቤት ድረስ ለመምጣት።"

አባቴ ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው፤ ይህን ታደሰ በእግዚአብሔር ስም ይምልበታል። "መቀሱን ያዝና ተከተለኝ" አለው።

ሁለቱ መጥተው በሩ በነበረበት ቦታ ጥዱን ይቆርጡ ጀመር። የተሳለ መቀስ ድምፅ እንዴት ያምራል! አረንጓዴው ሽታ ግቢውን ሞላው። የመጨረሻው ቅርንጫፍ ሲወድቅ ጋሽ ደምሴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከወዲያ ቆመው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም።

"ሸብተሃል" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንተም" አለ አባቴ። ከዚያ ነገሩን ነገራቸው።

የጋሽ ደምሴ ፊት ወረደ። ደስታቸው የእውነት ነበር። ሙሉ ከኋላቸው "አባባ፣ እኔ እኮ ትምህርቴን ነው የምፈልገው" አለች። እሳቸው ዘወር ብለው አዩዋት፣ ታደሰን አዩት፣ ጥዱ መሃል የቆመውን አባቴን አዩት።

"ሽማግሌዎቹ በእግራቸው የመጡት እኔ ቤት ነው" አሉ። "ልመልስልህ እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ። ያቺ ዓርብ።"

"የቷ ዓርብ?"

"ታውቃታለህ።"

የኔ ትዳር በአንድ ድስት ሽሮ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አባቴ "ኑ..." ብሎ ጀመረ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሽሩባዬ ውስጥ አንድ የጥድ ቅጠል ቀርቶ ነበር መሰለኝ፤ ዓይኑ እዚያ ላይ ቆየ።

"ቅቤ ነበር" አለ።

"ምን አልክ?"

"ቅቤ ነበር! ሃምሳው ያላለቀ መስሎኝ ነው! ኮሰረት የገባበት ቅቤ ነበር!" ድምፁ እስከ ጭድ ተራ የሚሰማ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ቀርበው ትከሻውን ያዙት። "አራት ዓመት ሙሉ አፍንጫዬን ተጠራጠርኩ እኮ በላቸው" አሉት። ያኔ አባቴ ሳቀ፣ እናቴ አለቀሰች፣ ታደሰ ደግሞ መቀሱን ይዞ የሚያደርገው ጠፍቶት አንድ ያልታዘዘ ቅርንጫፍ ቆረጠ።

በቀጠሮው እሑድ ጋሽ ደምሴ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ሽማግሌዎቹን ጠበቁ። ጋሼ ወልደየስ አዲሱን በር ዘወር ብለው ሳያዩ በቀጥታ ወደ ጋሽ ደምሴ ቤት አለፉ። "በዚህ ነው! በዚህ ግቡ!" ብለው ጋሽ ደምሴ ጠሯቸው። አዛውንቱ ተመለሱ፣ ቤቱንም ጥዱንም ሁለቱን አባቶችም አዩ፤ ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። "እኔም ያልኩት ይህንኑ ቤት ነው" አሉ። አባቴ ለደንቡ ያህል ሁለት ጊዜ መለሳቸው፤ በሦስተኛው እሺ አለ። በጥር ተጋባን። ሙሉ ሚዜዬ ነበረች፤ ነርስም ሆነች። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ በእንግዳ ፊት "አማቼ ብረት ሠሪ ነው" ሲል አፉ አይመረውም ነበር።

ግቢው ዛሬ የለም። ቦታው ላይ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ቆሟል። ጥዱ መቼ እንደተቆረጠ እንኳ አላየሁም፤ ሳስበው ይቆጨኛል።

ምራቴ የፕላስቲኩን ጥድ አራት ሜትር ገዛች፤ ልጄም በረንዳው ላይ ሰቀለው። ያምራል ልበል። ግን ከፊት ለፊቱ በረንዳ ሁልጊዜ ጠዋት "እንዴት አደሩ እትዬ!" የምትለኝ ዘሃራ የምትባል ወጣት ሚስት ነበረች፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ድምፅዋ ጠፋ። አንድ ሳምንት ቻልኩ። በስምንተኛው ቀን ታደሰን መቀሱን ሳልልኝ አልኩት። ያ መቀስ እስከ ዛሬ አለ። ታደሰ ከያዘው ሕመም ገና ማገገሙ ነው፤ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ቢሆንም ሳያደነዝዝ ሳለልኝ። "ይኼኛው ሙጫ የለውም" አለ። የፊቴን ያህል መስኮት ቆረጥኩ። ምራቴ ስትመጣ የምትለውን ትበል።

"እትዬ አስካለ!" አለች ዘሃራ፣ ልብስ እያሰጣች። "አገር የለቀቁ መስሎኝ ነበር እኮ!" ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ምድጃ ላይ ለታደሰ ያገነፋሁት ገንፎ ነበር። "ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ እትዬ? ቅቤ ነው የሸተተኝ?"

ታደሰ ከወንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴን አራት ዓመትና አንድ ሙሉ አጥር የፈጀበት ቃል ከኔ አፍ ሳላስበው ወጣ።

"ቅቤ ነው ልጄ" አልኳት።